የሥራ ላይ ደህንነትን በግንባታ ዕቅድና ዋጋ ግምት ውስጥ ማስገባት፦ ከሳይት ጉብኝት እስከ ክፍያ

ብዙ የግንባታ ዋጋ ግምት ላይ ደህንነት አንድ መስመር ብቻ ነው። "ሴፍቲ፣ በጥቅል፣ ይህን ያህል ብር።" ቁጥሩ ከየት መጣ ሲባል መልስ የለም። ሥራው ሲጀመር ብሩ ለሲሚንቶ ይዞራል። ጥቂት ሄልመት ይገዛና ለጎብኚና ለፎርማን ይታደላል። ሶለታ (የወለል አርማታ) ጠርዝ ላይ ቆሞ ፌሮ (የአርማታ ብረት) የሚያስረው ልጅ ግን ባዶ ራሱን ነው።

መጠን፣ ነጠላ ዋጋና በፕሮግራሙ ላይ ቀን የሌለው ነገር ሳይት ላይ አይገኝም። ፌሮ የሚገኘው በኪሎ ተቆጥሮ ስለሚታዘዝ ነው። የሶለታ ጠርዝ መከለያም በሜትር ካልተቆጠረ አይመጣም። ይህ መመሪያ አቆጣጠሩን ያሳያል።

ለምሳሌ የምንወስደው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ጂ+4 ሕንፃ ነው። ወለሉ 20 በ15 ሜትር፣ ሊፍት ያለው፣ የግንባታ ጊዜው 12 ወር። ሠራተኛው በአማካይ 30፣ ሥራው ሲበዛ 45 ይደርሳል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልግ

- የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ንድፍ፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርት
- ረቂቅ የሥራ ፕሮግራም፤ በየወሩ ስንት ሠራተኛ እንደሚኖር የሚያሳይ
- የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። አንቀጽ 92ን ደጋግማችሁ አንብቡ። መከላከያ ዕቃ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። የጫማ ዋጋ ከቀን ሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥም።
- አንድ ልምድ ያለው ፎርማን። ግምቱን ቢሮ ቁጭ ብሎ ብቻ የሠራ ሰው ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) በየት በኩል ወደ ሶለታው እንደሚወጣ አያውቅም። ግማሽ ቀን አብሯችሁ ይቀመጥ።

## ደረጃ 1፦ ሳይቱን በሜትር እዩት

1. ሜትር፣ ካሜራና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ዞሮ አይቶ መመለስ ብቻ አይበቃም።
2. የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ከሕንፃው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ። ከግድግዳው ብቻ አትለኩ፤ መወጣጫው (ሠራተኛ ከሕንፃው ውጭ ቆሞ የሚሠራበት ርብራብ) ወደ ውጭ የሚወጣበትን ጨምሩ። ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመት እንደሚመጣም አስቡ። አንድ ሰው ሲያዞረው ጫፉ የት ይደርሳል?
3. የጎረቤት አጥርና ግድግዳ ከቁፋሮው ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፉ። የነበረ ስንጥቅ ካለ ፎቶ አንሱ።
4. የእግረኛ መንገድ የሚነካ ከሆነ ርዝመቱን ለኩ። ይህ ርዝመት ኋላ የመከለያ ጣሪያ መጠን ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር የሚያልፈው የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር 15 ኪሎ ቮልት ነው። ሰው፣ ፌሮ ወይም መወጣጫ ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት ሊጠጋው የሚችል ከሆነ ሥራው በጥንቃቄ ብቻ አይሠራም። መስመሩ እንዲነሳ ወይም ኃይሉ እንዲቋረጥ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ አመልክቱ። የክፍያ ግምቱን ተቀበሉና ወጪውን ለብቻው መስመር ስጡት። በፕሮግራሙ ላይም ከመጀመሪያው ሶለታ በፊት አስቀምጡት። መልሱ ከዘገየ በዚያ በኩል ያለው ሥራ ይቆያል እንጂ ሰው አይላክበትም።

## ደረጃ 2፦ ዋጋ ከመተመናችሁ በፊት የሥራ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ

ቢል ኦፍ ኳንቲቲውን (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩን) ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን ይሠራዋል፣ በምን ሊጎዳ ይችላል፣ አደጋውን ከነጭራሹ ማስቀረት ይቻላል ወይ፣ ካልተቻለ ምን ይከላከለዋል። ሰንጠረዡ ከሦስት ገጽ እንዳይበልጥ። አርባ ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ አደጋ ያለ ምንም ተጨማሪ ብር በቅደም ተከተል ብቻ ይጠፋል፦

- ደረጃውን ከየወለሉ ሶለታ ጋር አብራችሁ ሙሉ። ለመጨረሻ ከተተወ ሠራተኛው ለወራት በሚስማር በተመታ የባሕር ዛፍ መሰላል ይወጣል።
- የሊፍት ጉድጓዱ አፍ ላይ የሶለታው ፌሮ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር ተነጋገሩ። ፌሮው ሊፍቱ እስኪገጠም ይቆያል። ላዩ ላይ ጣውላ ሲመታበት ጠንካራ ክዳን ይሆናል።
- የኮለን (የዓምድ) ፌሮ መሬት ላይ ታስሮ ይነሳ። ከፍታ ላይ የሚጠፋውን ሰዓት ይቀንሳል።
- የግድግዳ ብሎኬት ከሶለታው ብዙ እንዳይዘገይ አድርጉ። ግድግዳ ራሱ የጠርዝ መከለያ ነው።

## ደረጃ 3፦ ቁፋሮውን ለብቻው አስሉ

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ንድፉ ላይ የፉቲንግ (የዓምድ መሠረት) ጉድጓድ 2 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ነው እንበል። ቀጥ ብሎ ከተቆፈረ 10 ሜትር ኩብ ነው። ግምት ሠሪው ይህን ይጽፍና ያልፋል።

ግን ቀጥ ያለ 2.5 ሜትር ግድግዳ ሥር ሰው ገብቶ ፌሮ ያስራል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል። ሲናድ ለመሮጥ ጊዜ አይሰጥም።

ጎኑን 1 ለ1 (ለአንድ ሜትር ጥልቀት አንድ ሜትር ወደ ውጭ) ብታጋድሉት ላዩ 7 በ7 ሜትር ይሆናል፤ መጠኑም ወደ 56 ሜትር ኩብ ያድጋል። ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱን አማራጭ ጎን ለጎን አስልታችሁ ምረጡ፦

1. ማጋደል። ጉድጓዶቹ ከተራራቁና ቦታ ካለ። የትርፉን አፈር መቆፈር፣ ማጓጓዝና መልሶ መሙላት ሁሉንም ቁጠሩ።
2. መደገፍ። በጣውላና በወጣሪ። ጎረቤት ቅርብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለው ምርጫ ይህ ነው። የጉድጓዱን አራት ጎን ስፋት አስሉ፦ 4 ጎን × 2 ሜትር × 2.5 ሜትር = 20 ካሬ ሜትር። ጣውላው ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለሚዘዋወር ለሁሉም አትግዙ፤ በአንድ ጊዜ ክፍት በሚሆኑት ልክ ብቻ።
3. ሙሉውን በማሽን ዝቅ ማድረግ። ጉድጓዶቹ የሚቀራረቡ ከሆነ ማጋደሉ እርስ በእርስ ይገናኛል። ያኔ በኤክስካቫተር አንድ ላይ መቆፈሩ ሊረክስ ይችላል።

የማጋደሉን ልክ የሚወስነው አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ይፈታል። ቁፋሮውን ከሐምሌና ከነሐሴ አውጡ። ካልተቻለ መደገፍን ምረጡ፤ የውኃ ፓምፕም ቁጠሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሉ ቁፋሮን የሚለካው በንድፉ ልክ ከሆነ የትርፉ ቁፋሮ ወጪ ከእናንተ ኪስ ይወጣል። ከጨረታው በፊት የአለካኩን መግቢያ አንብቡ። ትርፉ ካልተከፈለ በነጠላ ዋጋው ውስጥ አካትቱት።

የወጣው አፈር ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መውጫ መሰላልም ይቆጠር። 1.5 ሜትር ገደማ ከደረሰ በኋላ ያለ ድጋፍ ወይም ያለ ማጋደል ሰው እንዳይገባ የሚል ዓረፍተ ነገር ለቆፋሪዎቹ በሚሰጠው ውል ላይ ጻፉ።

## ደረጃ 4፦ መጠን አውጡ

የጠርዝ መከለያ። የወለሉ ዙሪያ 70 ሜትር ነው። ከመሬት በላይ አምስት ሶለታ አለ፣ የጣሪያውን ጨምሮ። የመትከል ሥራ 350 ሜትር ነው። የጣውላ ግዢ ግን 350 አይደለም። ብሎኬቱ ከሥር እየተከተለ ከሆነ በአንድ ጊዜ ክፍት የሚሆነው ሦስት ወለል ነው፦ 210 ሜትር።

ለአንድ ሜትር መከለያ የላይ አግዳሚ፣ የመሐል አግዳሚና የእግር ሥር ጣውላ ያስፈልጋል፤ 3 ሜትር። በየ2 ሜትሩ 1.2 ሜትር ቋሚ ሲጨመር 0.6፤ ድምሩ 3.6 ሜትር ነው። 210 × 3.6 = 756 ሜትር። ለብክነት 10% ስትጨምሩ ወደ 832 ሜትር ይሆናል። የላይኛው አግዳሚ ከወለሉ 1.1 ሜትር ገደማ ከፍ ይበል።

ጣውላውን ቀይና ነጭ ቀለም መቀባትም ቁጠሩ። ለጌጥ አይደለም። ያልተቀባ ጣውላ ፎርምወርክ (አርማታ የሚፈስበት ቅርጽ) ሠሪው ሲያጥረው ነቅሎ ይወስደዋል። የተቀባው ግን የማን እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል።

መወጣጫ። 70 ሜትር ዙሪያ በ16 ሜትር ቁመት 1,120 ካሬ ሜትር ነው። የብረት መወጣጫ የምትከራዩ ከሆነ መለኪያው ካሬ ሜትር በወር ነው። ለሦስት ወር 3,360፤ የልስን ሥራው አንድ ወር ቢዘገይ 4,480። ይህን ልዩነት ለባለቤቱ በቁጥር አሳዩት። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከሆነ እንጨቱን ብቻ አትቁጠሩ፦ ከሕንፃው ጋር የሚታሰርበት፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የርብራብ ጣውላ፣ ከቋሚው ሥር የሚነጠፍ ጣውላ፣ አግዳሚ መያዣ። በአንድ ጣውላ ላይ ቆሞ ልስን መሥራት በግምቱ ላይ "ርካሽ" የሚመስለው እነዚህ ስላልተቆጠሩ ነው።

ፑንቴሎ (አርማታው እስኪጠነክር ሶለታውን ከሥር የሚደግፍ ቋሚ)። ይህን በደህንነት ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው ጥቂት ሰው ነው። 300 ካሬ ሜትር ሶለታ፣ ፑንቴሎ በየ1 ሜትሩ ከሆነ 21 × 16 = 336 ያስፈልጋል። ፕሮግራማችሁ በየ14 ቀኑ ሶለታ ይሞላል ካለና መሐንዲሱ ፑንቴሎ 21 ቀን ይቆይ ካለ አንድ ስብስብ አይበቃም። ሁለት ስብስብ፣ 672 ቁጠሩ። ካልቆጠራችሁ ፎርማኑ አርማታው ሳይደርስ ይነቅላል። ጥፋቱ የፎርማኑ ብቻ አይሆንም፤ የማይቻል ፕሮግራም የሰጠው ግምት ሠሪውም ነው።

የግል መከላከያ። በአንድ ቁጥር አታባዙ፦

- ሄልመት፦ በከፍተኛው የሠራተኛ ቁጥር። 45 እና ለጎብኚ 5።
- ጫማ፦ በሰው እንጂ በሥራ ቦታ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ይለዋወጣል፤ የትናንቱ ጫማ ለዛሬው ሰው አይሆንም። በሳይቶቻችን ብዙ ሴቶች ይሠራሉ፤ ትንንሽ ቁጥሮችንም እዘዙ።
- ጓንት፦ ያልቃል። 20 ሰው × በወር 2 ጥንድ × 12 ወር = 480 ጥንድ። ግምቶች ላይ 45 ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። አርማታ ለሚሞሉ የላስቲክ ጓንትና ቦት ለየብቻ።

የሰው ጊዜ። የሳምንት የ15 ደቂቃ የደህንነት ንግግር ነፃ አይደለም። 30 ሰው × 0.25 ሰዓት × 52 ሳምንት = 390 ሰዓት። በቀን 8 ሰዓት 49 የሰው ቀን ገደማ ነው። ጻፉት። ካልተጻፈ ፎርማኑ ሰዓቱን ከሥራው እንደሰረቀ ይሰማዋል፣ ከዚያም ይተወዋል። የደህንነት ተቆጣጣሪ ደመወዝ በወር ይቆጠር።

የቀረው ፈጣን ነው፦ አጥር በሜትር፣ የሊፍትና የዳክት (የቧንቧ መተላለፊያ) ክዳን በቁጥር፣ መብራት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ለሴትና ለወንድ የተለየ ሽንት ቤት።

## ደረጃ 5፦ ነጠላ ዋጋውን ሥሩ

ፎርሙ ለአርማታ የምትጠቀሙበት ያው ነው፦ ዕቃ፣ ጉልበት፣ መሣሪያ፣ ከዚያ ጠቅላላ ወጪና ትርፍ።

1. ለየዕቃው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ቀኑን ጻፉበት።
2. የሚመላለስ ዕቃን በሚያገለግልበት ጊዜ ብዛት አካፍሉ። ፑንቴሎ ለብዙ ሕንፃ ያገለግላል፣ ጓንት ለሁለት ሳምንት።
3. ጉልበትን ሦስት ጊዜ ቁጠሩ፦ መትከል፣ መጠገን፣ መንቀል። መጠገን ሁልጊዜ ይረሳል።
4. በወር የሚያድጉትን (ደመወዝ፣ ኪራይ) አንድ ጊዜ ብቻ ከሚወጡት (አጥር፣ ሄልመት) ለዩ። በተለያየ ቀለም አስምሩባቸው።

ስለ ሴፍቲ ቤልት ማስጠንቀቂያ። ቤልት ገዝቶ ማሰሪያ (ገመዱ ከሕንፃው ጋር የሚያያዝበት ነጥብ) አለመቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። ማሰሪያው አርማታ ሳይሞላ መቀበር ወይም ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ በፕሮግራሙ ላይ ቀን ይፈልጋል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረውን አትግዙ፤ ሙሉ ሰውነት የሚይዘውን ብቻ። ከዚህ ሌላ ቁመቱን አስሉ። ገመዱ 1.8 ሜትር ቢሆን፣ ድንጋጤ አርጋቢው (የመውደቁን ኃይል የሚያለዝበው የገመዱ ክፍል) ሲዘረጋ 1 ሜትር ገደማ፣ ከጀርባ ቀለበት እስከ እግር 1.5 ሜትር፤ ያለ መጠባበቂያ እንኳ ከ4 ሜትር በላይ ነው። ገመዱ እግር ሥር ከታሰረ 3 ሜትር ከፍታ ያለው የመጀመሪያ ወለል ላይ ሰውየው መሬት ይመታል። እዚያ የሚያድነው የጠርዝ መከለያ ነው።

## ደረጃ 6፦ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው ውስጥ አስገቡ

አማካሪ ወይም ባለቤት ከሆናችሁ፦ በጠቅላላ ሥራዎች ክፍል ውስጥ "ደህንነትና ጤና" የሚል ንዑስ ክፍል ክፈቱ። እያንዳንዱን በራሱ መለኪያ አስቀምጡ፦ ሜትር፣ ካሬ ሜትር፣ ጥንድ፣ ወር። ከዚያ ከባዱን ውሳኔ ወስኑ፦ ተጫራቾች በዚህ ክፍል ዋጋ ይወዳደሩ ወይስ አይወዳደሩ? እኔ አይወዳደሩ ባይ ነኝ። መጠኑንም ዋጋውንም ራሳችሁ ሞልታችሁ ለሁሉም እኩል ስጡ፣ በተሠራው ልክ ብቻ ክፈሉ። ሆንግ ኮንግ በመንግሥት ፕሮጀክቶቿ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የምትሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ከውሉ ዋጋ 2% ገደማ ለደህንነት ይለያል። ያን መቶኛ ግን አትቅዱ። ከራሳችሁ ዝርዝር የወጣው ድምር ይሻላል።

ተጫራች ከሆናችሁ፦ የጨረታው ሰነድ ላይ መስመር ከሌለ አዲስ መስመር አትጨምሩ፤ ከውድድር ሊያስወጣችሁ ይችላል። በማብራሪያ መጠየቂያው ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ፦ "የጠርዝ መከለያና መወጣጫ በየትኛው ተራ ቁጥር ይከፈላል?" መልሱ "በነጠላ ዋጋችሁ ውስጥ ነው" ከሆነ የመከለያውን ወደ ሶለታ፣ የመወጣጫውን ወደ ልስን፣ የድጋፉን ወደ ቁፋሮ አከፋፍሉ። ለራሳችሁ ግን የተለየ ሰንጠረዥ ያዙ። ካሸነፋችሁ በኋላ የሳይት በጀት የሚሆነው እሱ ነው።

ባለቤቱ "ይህን ቀንሱት" ካለ፦ ድምሩን አታውሩ፤ መስመር በመስመር አቅርቡለት። "ከአራተኛ ፎቅ ጠርዝ 70 ሜትር መከለያ ይውጣ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው ፊርማውን ሲያኖር ሁለት ጊዜ ያስባል። መቀነስ ግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉን በመለወጥ የሚቀንስ ፈልጉ፤ ለምሳሌ ብሎኬቱን በማፋጠን የሦስት ወለሉን ጣውላ ወደ ሁለት ማውረድ።

## ደረጃ 7፦ በፕሮግራሙ ላይ ቀን ስጡት

1. "የጠርዝ መከለያ መትከል" የሚል ሥራ ከእያንዳንዱ ፎርምወርክ በኋላ፣ ከፌሮ ማሰር በፊት አስገቡ። ቀጣዩ ሥራ እሱ ሳያልቅ እንዳይጀምር አገናኙት።
2. የዕቃ ግዢውን ከሚያስፈልግበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አስቀምጡ።
3. ፕሮግራሙ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የምታዩት ፑንቴሎውን ይሁን። የቀን ማሳጠር ማለት ስብስብ መጨመር ነው።

## ደረጃ 8፦ የቁርጥ ሠራተኞችን ውል ጻፉ

ካቦው (የሠራተኞቹ አለቃ) በካሬ ሜትር ቁርጥ ከተያዘ ፍጥነት ገንዘቡ ነው። መከለያ መትከል ጊዜውን ይበላዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። መከለያ ለሚተክሉ ሰዎች የተለየ የሜትር ዋጋ ስጡ። የፎርምወርክ ቁርጥም መከለያው በቦታው ሳይኖር አይለካም ብላችሁ ጻፉ። በቃል የተነገረ ካቦ ዘንድ አይቆምም።

## ደረጃ 9፦ ክፍያውን ከሚታየው ነገር ጋር እሰሩ

በየወሩ የክፍያ ልኬት ሲሠራ የደህንነቱም ክፍል ይለካ። መከለያ በቆመው ሜትር፣ ጓንት በተፈረመበት ጥንድ፣ ተቆጣጣሪ በተገኘበት ወር ይከፈል። ቀን ያለበት ፎቶ ይያያዝ። ያልተገኘ አይከፈል፤ በሚቀጥለው ወርም ወደ ኋላ አይከፈል።

ጊዜ ሲራዘም፦ የማራዘሚያ ጥያቄ ስታስገቡ በደረጃ 5 በተለየ ቀለም ያሰመራችሁባቸውን የወር ወጪዎች አብራችሁ አቅርቡ። ብዙ ተቋራጭ ቀኑን ብቻ ይጠይቅና ኪራዩን ይረሳዋል። ከዚያ መወጣጫው ልስኑ ሳያልቅ ይፈታል።

ዋጋ ሲንር፦ ፕሮፎርማው የቆየ ከሆነ ከግዢ በፊት አድሱት። ብሩ የማይበቃ ከሆነ የጓንቱን ጥራት ዝቅ ከማድረግ በፊት በበጀቱ ላይ ላልታሰበ ወጪ የተያዘውን መጠባበቂያ ተጠቀሙ። ለዚህ ነው መጠባበቂያው የተቀመጠው።

አደጋ ከደረሰ፦ ሥራውን በዚያ ቦታ አቁሙ፣ ተጎጂውን ወደ ሕክምና አድርሱ፣ መዝግቡ፣ አሳውቁ። ከዚያ የደረጃ 2 ሰንጠረዥን አውጡና አደጋው ተጽፎ ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ እዩ። ካልነበረ ሰንጠረዡ ላይ ጨምሩት፣ መጠኑንና ዋጋውንም በዚያው ሳምንት አውጡ።

ሥራው ሲያልቅ ስንት ጥንድ ጓንት እንዳለቀ፣ ስንት ሜትር ጣውላ እንደተተካ፣ መወጣጫው ስንት ወር እንደቆመ በግምቱ ጎን ባለ ዓምድ ጻፉ። የሚቀጥለውን ሕንፃ ስትተምኑ ከዚያ ዓምድ ጀምሩ።